የአስታማሚው ስም ቅጹ ላይ የለም

ኅዳር 27፣ ጠዋት 2፡30

ፋሻ አልቋል። ጓንት አለ። ትናንት ጓንት አልቆ ፋሻ ነበር። እየተፈራረቁ ያሾፉብናል።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ሁለት ወጣቶች አሉኝ። አንዱ ራሱን በዱላ ተመትቶ የተኛ፣ ገና ይቆያል። ሁለተኛው ማታ የገባ። ደሳለው ይባላል፣ ሃያ ዓመቱ። ሆዱን በጩቤ ተወግቷል። ዶ/ሩ አንጀቱን ሰፍቶለታል፣ ይድናል። ሥራው ለቱሪስት የእንጨት መስቀል መሸጥ። ቱሪስት የት አለና! የወጋው አብሮ አደጉ ፈንታው ነው። ከስንት ወር በኋላ ሁለት ፈረንጆች ብቅ ቢሉ፣ ቀድሜ ያናገርኳቸው እኔ ነኝ ተባባሉ። ፈረንጆቹ ምን ገዙ ብዬ ጠየቅሁ። ምንም።

አንተ ደብተር፣ ይህን ሥራ ስጀምር የጻፍኩልህን ታስታውሳለህ? ቁስሉን ሌሎች ያክማሉ፣ እኔ በቀሉን። ልጁ አልጋ ላይ እስካለ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ አወራዋለሁ፣ ሽማግሌ እጠራለሁ፣ ደሙ ሳይመለስ እንዲደርቅ። ሆ/ሉ ውስጥ «የእርቅ ክፍል» ይሉኛል። ክፍሉ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ደመወዜ የመንግሥት፤ የሽማግሌው መኪና፣ የስልክ ካርዱ፣ ሻዩ ከአንድ ረጂ ድርጅት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል፤ ዮናስም ያውቃል። ዮናስ አዲስ አበባ የተቀመጠ የድርጅቱ ባለሙያ ነው፣ የእኛን ሪፖርት የሚያነብ።

ኅዳር 28

የደሳለው አስታማሚ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ነው፣ አራጌ። ገበሬ። አገራቸው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም አልፎ የግማሽ ቀን መንገድ። አባት ስለሌለ ደሳለውን ያሳደገው እሱ ነው። አልጋው ግርጌ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ደህና አደርክ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ምሳ ይዞለት መጥቷል፣ እሱ ግን አልበላም።

ይህን ዓይነት ዝምታ አልወደውም። የሚሳደቡትን እመርጣለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት

ዮናስ ደወለ። ግማሽ ሰዓት። ስልኬ ጆሮዬን አቃጠለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ለጋሾቹ በየከተማው ያለውን እያወዳደሩ ነው። አንድን ወጣት ከበቀል ለማስቀረት የት ስንት ወጣ። የእኛ ውድ ነው አሉ። ለምን ሲባል የሽማግሌዎች መኪና። ዮናስ መዝገቡን ከፍቶ ጠየቀኝ፦ ባለፈው ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ሄደዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ለምን አልተሳኩም?

ሳቄ መጣ። እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። የበዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል። የቤቱ ትልቅ እንቢ ይላል። ይመለሳሉ። ዳግም ይሄዳሉ፣ ዳግም እንቢ ይላል። በሦስተኛው ድንጋዩን ከጫንቃቸው ያወርድላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ሰው ወይ ወንድሙን አይወድም ወይ የሚያስበው ሌላ ነገር አለ። እንቢታው ራሱ ሥራ ነው። ዮናስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ በጣም ደስ የሚል ባህል ነው፣ ግን ለሁለት ያልተሳኩ ጉዞዎች ገንዘብ እንዴት አድርጌ ላጽድቅ አለ።

ክፉ ልጅ አይደለም። ለእኛው ነው የሚከራከረው። እሱም አለቃ አለው።

በመጨረሻ የተቆረጠው፦ የአስታማሚ ሻይና ዳቦ ቀረ፣ በአዲሱ ቅጽ አስታማሚ የሚባል የለምና። መኪና ቀረ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ከበዛልን የሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል። ካልሆነ እኔም ወደ መርፌዬ፣ ባልዲውም ወደ ክፍሉ።

ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ወጪ መቀነስ ጀመርኩ። እንዲህ ነኝ እኔ።

ታኅሣሥ 6

ደሳለው ተናገረ! እስከ ዛሬ ጣራ ጣራውን ነበር የሚያየው። ከፈንታው ጋር አንድ የኔታ ዘንድ ድቁና ጀምረው አብረው ጠፍተዋል። የኔታ ሲያሳድዷቸው ፈንታው አጥር ላይ ሱሪው ተቀዶ ቀረ። ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘውና ጮኸ። ከጩኸቱ በኋላ አለቀሰ። ሊገለኝ እንዳልፈለገ አውቃለሁ አለ፤ ጩቤውም የመስቀል መቅረጫችን ነው አለ።

ሰዎች ሲሉት የኖሩትን ሳይሆን የራሱን ነገር መናገር ሲጀምር ይታወቀኛል። ፊቱ የልጅ ይሆናል።

አራጌ ግርጌው ነበር። ሰምቷል። ሻይ ልግዛለት ብዬ ተነሳሁና ሻዩ መቅረቱ ትዝ ሲለኝ ተቀመጥኩ። ከኪሴ መግዛት እችል ነበር። ለምን አልገዛሁም? ስንፍና፣ ደብተሬ። ወይም እልህ፤ ካልከፈሉ አልሠራም የሚል የሞኝ እልህ።

ታኅሣሥ 7

የፈንታው እናት እትዬ ዘነቡ የክፍሌ በር ላይ ናቸው። ሰሞኑን በየጠዋቱ ይመጣሉ። ግቡ ሲሏቸው አይገቡም። ገበያ ዳር ጠላ ይሸጣሉ፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፈንታው ሸሽቶ ኮን ከተማ አጎቱ ዘንድ ነው። ፖሊስ ሽምግልናው እስኪያልቅ ነገሩን ይዞታል። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሲስተርዬ፣ ልጄ ለገና ይደርስልኝ ይሆን?»

እንጃ አልኳቸው። እንጃ ብዬ መተው ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 9፣ 10 ሰዓት

አባ ክንፉን አስጠራኋቸው። ሰባውን ያለፉ ቄስ ናቸው፣ በዚህ አገር እሳቸው እጅ ገብቶ ሳይታረቅ የቀረ ሰው ጥቂት ነው። ሌሎች አራት ሽማግሌዎች ይዘው እላይ አገር፣ ወደነአራጌ ቀዬ ሊወጡ ተዘጋጅተው መጡ። መኪና የለም አልኳቸው። በእግር ደግሞ ለእሳቸው አይሞከርም፣ ጉልበታቸው አብጧል።

እኔም ሐሳቤን አወጣሁ። ድንጋዩ ወደ ቤቱ ከሚሄድ እዚሁ አልጋው ድረስ ይምጣ። የተወጋው እዚህ፣ ወንድሙ እዚህ፣ እናንተ እዚህ። በአንድ ቀን ያልቃል።

አባ ክንፉ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ይቅርታው የዚህ ልጅ አይደለም፣ የቤቱ ነው። አራጌ በደጁ ተለምኖ፣ ሁለቴ እንቢ ብሎ፣ ወገኑ እያየው ነው እሺ የሚለው። እዚህ ምን ብሎ ነው እንቢ የሚል?»

ለገና ጊዜ የለም፣ ሪፖርቱም ይደርሳል፣ የቤቱን በኋላ እናደርገዋለን አልኳቸው። ለመንኳቸው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ የሚቀጥለውን ልጅ ማን ይደርስለታል አልኳቸው። ይህኛው አሸነፋቸው መሰለኝ። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። አንቺ ካልሽ አሉ።

ታኅሣሥ 13፣ 6 ሰዓት

ሆነ!

የፈንታው አጎት ከኮን መጥተው ድንጋዩን በጫንቃቸው አድርገው ገቡ። ጽዳቷ አቧራውን አይታ ልትጮህ ስትል አፏን ያዝኩት። አባ ክንፉ ጸለዩ። ደሳለው ተደግፎ ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ ድንጋዩን ነካ። ይቅር ብያለሁ አለ። አጎትየው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዱላ የተመታው ልጅ ከወዲያኛው አልጋ አለቀሰ። እኔም።

አራጌን አባ ክንፉ ምን ትላለህ አሉት። «እሱ ካለ» አለ። ድንጋዩን ግን አልነካም። ጋቢውን አጣጠፈ፣ ገብሱ አውድማ ላይ ነው ብሎ ወጣ። ወንድሙን ሳይስም።

አባ ክንፉ አየት አድርገውኝ ነበር። ያየሁ አልመሰልኩም።

ለአጎትየው ነገርኳቸው፣ በዚሁ አፌ፦ ለፈንታው ንገሩት፣ አልቋል፣ ይምጣ፣ ገናን እናቱ ዘንድ ይዋል። ቅጹን ሞላሁ። ጉዳዩ ተዘግቷል። እስክሪብቶው እንኳ ዛሬ ወረቀቱን አልነከሰም።

ታኅሣሥ 20

ደሳለው ወጣ። ከተማ አክስቱ ዘንድ ይቆያል፣ ለቁስሉ እንዲመላለስ።

ዮናስ ደወለ። ከሁሉም ከተማ በትንሽ ወጪ የጨረስን እኛ ነን። አለቆቹ ደስ ብሏቸዋል፣ እንዴት እንዳደረግነው ለሌሎቹ እንዲያስተምር ጽፈሽ ላኪ አለኝ። «የአልጋ ዳር እርቅ» የሚል ስም ሁሉ አውጥቶለታል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ለራሴ ጫማ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ለባሌ ሁለት ጊዜ ተረኩለት፣ በሁለተኛው አንቀላፋ።

ታኅሣሥ 24

ፈንታው መጣ። ኮን አክስቶ ነው የሰደደው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አስነሳሁት። ደሳለውን አክስቱ ቤት ሄዶ አይቶታል። ምን ተባባላችሁ ስለው ምንም አለ፤ ዝም ብለን በላን አለ።

እትዬ ዘነቡ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። ክፍሌ ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ምነው እንዲህ ጠበበሽ አሉኝ።

ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት 5 ሰዓት

ፈንታው ሞተ።

ዛሬ ጠዋት። ለገና የመጣው ምእመን ከነአኩቶ ለአብ በኩል በገፍ ይገባል፤ ፈንታው የደከሙ አሮጊቶችን ስንቅ ተሸክሞ ሊያግዝ፣ ጥቂት ሳንቲምም ሊያገኝ ሊቀበላቸው ወጣ። አራጌ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። በስሙ ጠራው አሉ። ሁለት ጥይት።

የነገረችኝ ጽዳቷ ነች። አላመንኳትም። አልጋ አስገፍቼ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ኦክስጅን አዘጋጀሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ማንም አላመጣውም። እዚያው ነው ያለፈው፤ ከመንገድ ወደ እናቱ ቤት ወሰዱት።

አራጌ በረሃ ወርዷል።

መጻፍ አልቻ…

ታኅሣሥ 28

ቀበርነው። ከተማው ለበዓል ሞልቶ ነው የቀበርነው። ለቀስተኛና ምእመን መንገድ ላይ ተቀላቀለ፣ ነጩና ጥቁሩ።

እትዬ ዘነቡ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሳልደርስባቸው ፊታቸውን ነጭተው ጨርሰዋል። አቅፈውኝ ጆሮዬ ላይ አሉ፦ «ሲስተርዬ፣ ሦስት ቀን ሰጠሽኝ። ሳላየው ኮን ላይ ቢቀርብኝስ? ሦስት ቀን አበላሁት፣ እግዜር ይስጥሽ።»

መረቁኝ። ያውም በሕዝብ ፊት። ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። አንዷ ውኃ ሰጠችኝ።

ደብተሬ፣ እኔ ምን ያህል ውዳቂ እንደሆንኩ አንተ ብቻ ታውቃለህ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። አሜን አልኩ።

ታኅሣሥ 30

ደሳለውን ጎህ ሲቀድ የክፍሌ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የፈንታው የአጎት ልጆች እየፈለጉት ነው። አራጌን ካጡ እሱን። አክስቱም ፈርታ አስወጣችው። ቁስሉ ድኗል፣ ግን ሆዴን አመመኝ በል ብዬ አስተኛሁት። ዶ/ሩ ካርዱን አይቶ፣ ልጁን አይቶ፣ እኔን አይቶ ፈረመ። እግዜር ይስጠው።

ማታ ያችን ወንበር አልጋው አጠገብ አስጠጋሁ። ወንድምህ ይህን ማሰቡን እንዴት ሳትነግረኝ ቀረህ አልኩት። አያ አራጌ እኮ ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገረኝም አለ። አገር ቤት ሰዎቹ፣ ወንድምህ ታረቀ አሉ ሲሉት፣ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብሎ መልሷል። እሱን ብቻ ነው የሚለው አሉ። ገብሱን ሲወቃም፣ ሲበላም። እኔን ማን ጠየቀኝ።

ማንም አልጠየቀውም። አባ ክንፉ ጠየቁት፣ በባዕድ ቤት፣ በሰው አልጋ ተከቦ፣ ጽዳት እያየችው። እንቢ ለማለት ደጅ የለው፣ ወገን የለው። እንቢታውን የቆረጥኩበት እኔ ነኝ። ርካሽ ያደረግሁት እሱን ነበር።

ደሳለው ሲያለቅስ አላባበልኩትም። አራጌ አባቱ ነበር፣ ፈንታው ጓደኛው። የትኛውን አልቅስ ልበለው?

ጥር 2፣ ቀን

ቅጹ ፊቴ ነው። ነገ ይላካል።

ዳግም ተጎድቶ ወደ ሆስፒታል የመጣ፦ የለም። እውነት ነው። ፈንታው አልመጣም። በር ላይ ጠብቄዋለሁ፣ አልመጣም።
ታካሚው በቀል ፈጽሟል፦ አልፈጸመም። እውነት። ታካሚው ደሳለው ነው።
የአስታማሚ ስም፦ እንዲህ የሚል መስመር የለም።

አንድም ሐሰት የለበትም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም።

ለዮናስ ደወልኩና ነገርኩት። አዝኖ ነበር፣ የምሩን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አትጻፊው አለኝ። የሚገባበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ከጻፍሽው ግን ያነቡታል፣ ገንዘቡ ይቆማል፣ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹ ከተሞችም፤ ምክንያቱም የእናንተን አሠራር ነው እንዲከተሉ ያዘዝናቸው። የሚቀጥሉትን ልጆች አስቢ አለ።

አባ ክንፉን የለመንኩበት ነገር ነው፣ ቃል በቃል። አሁን በእኔ ላይ ሲዞር እንዴት እንደሚከብድ አየሁ። ደግሞም የተሳሳተ አይደለም። ፕሮግራሙ ከተዘጋ የሚያቆስል እንጂ የሚያስታርቅ የማይቀርበት አገር ነው ይህ። ትናንት ማታ ከፍላቂት ከተማ አንድ ልጅ ገብቷል፣ ክንዱን በገጀራ ተመትቶ። አጎቱ ግርጌው ተቀምጧል፣ ጋቢውን ተከናንቦ። ሄጄ ሻይ ገዛሁለት። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ገብሱ አወራን። ለአንድ ሰዓት ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ልወጣ ስል የመቺውን አባት አውቀዋለሁ አለኝ። ጥሩ ጅምር ነው።

ጥር 3

ላክሁት።

ከቅጹ ጀርባ በእጄ ጻፍኩ። የታካሚው ወንድም ሰው ገድሏል። እርቁን በሆስፒታል ያደረግነው ወጪ ለመቀነስ ነው። ሟቹን ና ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያም፦ ሦስቱም ጉዞ ይከፈል፣ አስታማሚ ይመዝገብ፣ ካልሆነ ይህ ሥራ ቢቀር ይሻላል፤ ግማሹን የሠራነው ካልሠራነው ይልቅ ገድሏል። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ዮናስ አምስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ይዘጉት ይሆናል። ሊዘጉት ይችላሉ፣ ይህን አውቄ ነው የላክሁት። አልተጸጸትኩም። ቆይ፣ ትንሽ ተጸጽቻለሁ። የፍላቂቱን ልጅ ባየሁ ቁጥር።

ጥር 4፣ ጠዋት 12፡15

አባ ክንፉ ትናንት ማታ መጡ። ጉልበታቸው እንዳበጠ። ስለ ደሳለው ሕይወት ከእትዬ ዘነቡ ደጅ ሊወድቁ ነው፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እስኪበቃቸው። የአጎት ልጆቹ እናትየውን ብቻ ነው የሚሰሙ። አንቺም አብረሽን ሁኚ፣ ይወዱሻል፣ አንቺን ሲያዩ ልባቸው ይራራል አሉኝ።

የማልችለው እሱን ነው። በማይገባኝ ምርቃት ቆሜ እንዴት ልለምናቸው? መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ ልንገራቸው አልኩ። አባ ክንፉ ከለከሉኝ። ሐዘናቸው ገና ትኩስ ነው፣ ከተዝካሩ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ አሉ። «በኋላ» የእኔ ቃል ነበር፣ አባቴ፣ ሰው ሞተበት አልኳቸው። ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ምናልባት ደጃቸውን ይዘጉብኛል። ምናልባት የደሳለውንም ነገር አበላሸው ይሆናል፤ ይህን ሌሊቱን ሙሉ አስቤዋለሁ። ግን እሺ ቢሉም እንቢ ቢሉም ሁሉን አውቀው ይበሉት። አራጌን ያልጠየቅሁትን እሳቸውን እጠይቃለሁ።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። እንዲህ ነው የምላቸው፦ እትዬ ዘነቡ፣ ልጅዎን ና ያልኩት እኔ ነኝ። አራጌ እንዳልታረቀ አይቻለሁ። አይቼ ነው የጠራሁት።

ሌላ አልጨምርም። ምክንያቱን ከጠየቁኝ…